የዜግነት ትምህርት ከደብተር ወደ ወረዳ፦ አንድ የሰፈር ጉዳይን ከተማሪዎች ጋር እስከ መጨረሻው የመከታተል መመሪያ

ከትምህርት ቤታችን በር ወጣ እንዳሉ ክዳኑ የተነሳ የጎርፍ ቦይ ነበር። ዝናብ ሲጥል ውሃው ሞልቶ ቦዩና መንገዱ አይለዩም። መስከረም ገና እንደጠባ አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ እስከ ጉልበቱ ገባበት። ሰው ደርሶ አወጣው፤ አንድ ጫማውን ግን ውሃው ወሰደው። ልጁ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው እርጥብ ካልሲ ሆኖ እያለቀሰ ክፍል ገባ።

በዚያው ሰሞን የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ስነ ዜጋ እያስተማርኩ ነበር። የትምህርቱን አስራ አንድ እሴቶች ጠየቅኳቸው። ከዲሞክራሲያዊ ሥርዓት ግንባታ ጀምረው ዕውቀትን እስከመሻት ድረስ ሳይደናቀፉ ዘለቁት። አስረኛው «ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ነው። እሱንም በጥሩ ድምፅ አሉት። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ያ ቦይ የማነው?»

ለ14 ዓመት ሳስተምር ቆይቻለሁ። መልሱን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ጉዳይ ብቻ እንይዛለን። ትንሽ ጉዳይ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው እንከተለዋለን። ትምህርቱ በጃንሆይ ዘመን ግብረ ገብ ነበር። በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት ሆነ። ኋላ ስነ ዜጋና ስነ ምግባር ተባለ፣ አሁን ደግሞ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የዜግነት ትምህርት ነው። ስሙ ሲቀያየር አሰጣጡ ብዙም አልተቀየረም፤ ኖት እናስጽፋለን፣ ልጆቹ ይሸመድዳሉ፣ ፈተና ላይ ይመልሳሉ። እኔ የማምነው ዜግነት የሚለመደው አንድን ጉዳይ በወረቀት ይዞ በር በማንኳኳት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እኛ የምንሄድበትን መንገድ ነው። ለመምህራን፣ ለክበብ አስተባባሪዎች፣ ለእድር ወጣቶችም ይሆናል። የሚያስፈልገው በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ወረቀት፣ የፎቶ ኮፒና የታክሲ ሳንቲም ነው።

ደረጃ 1፦ ከእድር ጀምሩ

ሕገ መንግሥቱን ቶሎ አትክፈቱት። ልጆቹ ቤት ውስጥ የሚያውቁት መንግሥት አለ፤ እሱም እድር ነው። ለአንድ ሳምንት የቤት ሥራ ስጧቸው። የእድራችሁ መተዳደሪያ ደንብ ተጽፏል ወይ? ሊቀመንበሩ እንዴት ተመረጠ? ገንዘብ ያዡን ማን ይቆጣጠረዋል? ቀብር የቀረ ሰው ስንት ይቀጣል? ቅጣቱን የሚቃወም ሰው ለማን አቤት ይላል?

መልሶቹ ሲመጡ ክፍሉ ይሞቃል። አንድ ተማሪዬ የአያቱን የእድር ደብተር ይዞ መጣ። ጠርዙ የተበላ፣ በየወሩ መዋጮ የተከፈለበት ምልክት ያለበት ደብተር ነው። አንድ ወር ላይ ምልክቱ የለም፤ በምትኩ «ታሞ ስለነበር ተትቷል» ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩ ሦስት ፊርማ አለ። ሙሉ ክፍለ ጊዜ ስለዚያች መስመር አወራን። ማን ወሰነ? ለምን ሦስት ሰው ፈረመ? ለምን ዝም ብሎ አልታለፈም? የሕግ የበላይነትንና ፍትሕን ያኔ ያስተማርኩትን ያህል በኖት አስተምሬ አላውቅም።

ከተቻለ የእድሩን ሊቀመንበር ክፍል ጋብዙ። እኛ ጋ የመጡት ጋሼ በስልሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ አባላቱ ባይፈልጉዎት ሊያወርዱዎት ይችላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም «ጉባኤው እጁን ካወጣ በማግስቱ ማኅተሙን አስረክባለሁ፤ ማኅተሙ የኔ አይደለም» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 12 ስናነብ ልጆቹ ለመረዳት አልተቸገሩም። አንቀጹ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። ነገሩን በጋሼ አፍ ሰምተውታል።

ደረጃ 2፦ ሕገ መንግሥቱን በሁለት ቀለም አንብቡ

ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጾች አሉት፤ የጸደቀው ህዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም ነው። ሁሉን ማንበብ አያስፈልግም። ምዕራፍ ሦስትን፣ ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ያለውን ውሰዱ። ልጆቹን በአራት በአራት ከፋፍሏቸው። «ማንኛውም ሰው» የሚለውን በሰማያዊ፣ «ዜጋ» የሚለውን በቀይ ያስምሩ።

ይህን ሥራ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ልጆቹ ራሳቸው የሚደርሱበት ነገር አለው። አንቀጽ 38 ስለ መምረጥና መመረጥ ነው። እዚያ ቀዩ ይወጣል፤ ለመምረጥ ዜግነትና 18 ዓመት ይጠይቃል። አንቀጽ 30 ደግሞ ስለ መሰብሰብ፣ ስለ ሰላማዊ ሰልፍና አቤቱታ ስለማቅረብ ነው። እዚያ የሚወጣው ሰማያዊው ነው፤ «ማንኛውም ሰው» ይላል። ዕድሜ አይጠይቅም። የ16 ዓመት ልጅ ድምፅ መስጠት አይችልም፤ አቤቱታ ማቅረብ ግን ይችላል። ይህንን ሲያገኙት የሚያሳዩትን ፊት ማየት ደስ ይላል።

ወላጆቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ነው ያደጉት። ጉዳይ ያለው ሰው ደጅ ይጠናል፣ ጌታው እስኪያየው ይጠብቃል። ይሄ ስሜት ዛሬም ከቤት አልወጣም። ስለዚህ ልጆቹን ቤት ሄደው አንቀጽ 30ን ለወላጅ እንዲያነቡ አድርጉ። «አርፈህ ተማር፣ ዝም አይነቅዝም» የሚል ወላጅ ይኖራል። አትናደዱበት፤ ያየውን አይቶ ነው። ጉዳዩ የፖለቲካ ፓርቲ ነገር እንዳልሆነ፣ የቦይ ክዳን እንደሆነ የሚያስረዳ ወረቀት ላኩ። የወላጅ ፈቃድ ፊርማ ሳትይዙ ልጅ ከግቢ እንዳታወጡ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርና የወላጅ መምህር ኅብረቱ (ወመህ) አስቀድመው ይወቁ።

ደረጃ 3፦ ጉዳዩን ምረጡ፣ በጊዜ

ልጆቹን ሰፈር ውስጥ አንድ ሰዓት አስጎብኟቸው። ያዩትን ችግር ሁሉ ይጻፉ። ከዚያ በሚከተለው ወንፊት ነፉት። በዓይን የሚታይ ነው? የመንግሥት አካል ኃላፊነት ነው? በአንድ ዓመት ሊፈታ ይችላል? የግለሰብ የድንበር ክርክር፣ የሃይማኖት ወይም የብሔር ጣጣ የለበትም? አንዱ እንኳ ካላለፈ ይቅር። ሥራ አጥነትን በ10ኛ ክፍል ፕሮጀክት ለመፍታት አትሞክሩ፤ ልጆቹ ተስፋ ቆርጠው ይወጣሉ።

ቀሪዎቹን በምስጢር ድምፅ ያስመርጡ። የተሸነፈው ወገን ሐሳብም ቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ዕቅድና በጀት የሚዘጋጀው ደግሞ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። በሰኔ መጨረሻ «ክዳን ይሠራልን» ብትሉ የአሮጌው ዓመት ገንዘብ አልቋል፣ የአዲሱም ተይዟል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ምረጡ፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ አጥኑ፣ ጥር ላይ ደብዳቤ አስገቡ። እንዲህ ከሆነ ጥያቄያችሁ ዕቅድ ሲወጣ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ሥራውም ከክረምት በፊት የመሠራት ዕድል አለው።

ደረጃ 4፦ «የማነው?»

ልጅቷ የጠየቀችውን ጥያቄ መመለስ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። መንገድ ዳር የቆመ ምሰሶ የመብራት ከሆነ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፣ የስልክ ከሆነ የኢትዮ ቴሌኮም ነው። የጎርፍ ቦይና የቤት ፍሳሽ መስመር ሁለቱም መሬት ውስጥ ያሉ ቧንቧዎች ይመስላሉ፤ ባለቤታቸው ግን ይለያያል። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶንና ዋና አስፋልትም እንደዚሁ።

እኛ መጀመሪያ የተሳሳተ ቢሮ ሄድን። «እኛን አይመለከትም» አሉን። ሁለተኛው ጋ ስንሄድ ወደ መጀመሪያው መለሱን። ሦስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። የተማርነው ነገር ይሄ ነው፦ «አይመለከተንም» ያለ ሰው «ታዲያ ማንን ይመለከታል? እባክዎ በወረቀት ይጻፉልን» ተብሎ በትህትና ይጠየቅ። ለመጻፍ ካልፈለገ ቀኑን፣ የቢሮውን ቁጥርና የተባለውን ነገር ራሳችሁ ደብተር ላይ አስፍሩ። ሌላው ዘዴ በየመሥሪያ ቤቱ መግቢያ የሚለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ማንበብ ነው። የሚሰጠው አገልግሎት፣ የሚፈጀው ጊዜና የሚያስፈልገው መረጃ እዚያ ተዘርዝሯል። ፎቶ አንሱት። አብዛኛው ሰው በአጠገቡ ያልፋል እንጂ አያነበውም።

ደረጃ 5፦ ለኩ፣ ቁጠሩ

«ብዙ ሰው ይቸገራል» የሚል ደብዳቤ ማንንም አያንቀሳቅስም። የኛ ልጆች ሜትር ይዘው ወጡ። ክፍቱ 2 ሜትር ከ40 ይረዝማል፣ 70 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፣ 90 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል። ከዚያ ለሦስት ቀን ጠዋት ከ1፡30 እስከ 2፡30 ቆመው በዚያ የሚያልፈውን ሰው ቆጠሩ። ልጅ፣ አዋቂ፣ ሸክም የያዘ፣ ምርኩዝ የያዘ እያሉ ለየብቻ አሰመሩ። በሦስተኛው ቀን ቆጣሪዋ ልጅ «ቲቸር፣ ዛሬ ትንሽ ነው የመጣው፣ የትናንቱን ልድገመው?» አለችኝ። የለም፣ ያየሽውን ጻፊ አልኳት። ለምን እንዳልኩ ለማስረዳት ቀሪውን ክፍለ ጊዜ ሰጠሁ። አንድ ቁጥር ውሸት ከተገኘ እውነቱም አብሮ ይወድቃል።

ልጆች ቦይ ውስጥ አይገቡም፤ በዝናብ ቀን አይለኩም፤ ሁልጊዜ አዋቂ አብሯቸው ይኑር። ፎቶ ስታነሱ የሰው ፊት ይቅር። አጠገቡ ያሉትን ሱቆችና ነዋሪዎችም አነጋግሩ። ክዳኑን ማን አነሳው፣ መቼ፣ ከዚህ በፊት ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ደብዳቤው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።» ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ልቅሶም ስድብም አይኑርበት። አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑረው። የኛ ይህን ይመስል ነበር፦

ለወረዳው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ክዳን የሌለው የጎርፍ ቦይ እንዲከደን ስለመጠየቅ

ከትምህርት ቤታችን ዋና በር በስተግራ በ40 ሜትር ርቀት ላይ የሚገኘው የጎርፍ ቦይ 2 ሜትር ከ40 ያህል ርዝመት ክዳን የለውም። በመስከረም ወር አንድ ተማሪ ወድቆበታል። በሦስት ቀን ያደረግነውን ቆጠራ፣ ልኬቱንና ፎቶውን አያይዘናል። ከመጪው ክረምት በፊት እንዲከደን፣ ሥራው የሌላ መሥሪያ ቤት ከሆነም ጥያቄያችን በሸኚ ደብዳቤ እንዲተላለፍና ግልባጩ እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። «እኛን አይመለከትም» የሚለውን መልስ አስቀድማ ትዘጋዋለች። ግልባጭ ለትምህርት ቤቱ፣ ለእድሩና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አድርጉ። ፊርማው የትምህርት ቤቱ ይሁን፤ የእድሩም ማኅተም ቢጨመር ክብደቱ ሌላ ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ። የተማሪዎቹ ስምና ፊርማ በአባሪ ወረቀት ይያያዝ።

ደረጃ 7፦ መዝገብ ቤት

ደብዳቤ ለኃላፊ በእጅ ሰጥታችሁ አትመለሱ። ኃላፊው ይቀየራል፣ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ይጠፋል። መዝገብ ቤት ሂዱ። ሁለት ኮፒ ያዙ። አንዱ እዚያ ይቀራል፤ ሁለተኛው ላይ ቀን፣ ገቢ ቁጥርና ማኅተም ይመታላችኋል።

እኛ ስንሄድ አራት ተማሪዎች ይዤ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ትልቅ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ልጆቹን አዩ። «የማን ጉዳይ ነው?» አሉ። አንዱ ልጅ ወደኔ ዞረ። ዝም አልኩ። «የኛ ነው፣ እማማ» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። ደብዳቤውን ቆመው አነበቡት፤ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ትልቁን መዝገብ ገልጠው ቁጥር ሰጡት፣ ኮፒው ላይ ማኅተሙን መቱ። ልጁ ቀለሙ እስኪደርቅ ወረቀቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ ይዞት ቆየ።

ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ። እናንተ አጠገባቸው ቁሙ እንጂ አትናገሩላቸው።

ደረጃ 8፦ ዝምታ ሲመጣ

መምጣቱ አይቀርም። «ባለሙያው ስብሰባ ላይ ነው»፣ «ሰኞ ተመለሱ»፣ «ፋይሉ አልተገኘም» ትባላላችሁ። በየሁለት ሳምንቱ ሂዱ። የሄዳችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁትን ሰው የሥራ ድርሻ መዝግቡ። በስም ማጥቃት ውስጥ አትግቡ።

አንድ ወር ካለፈ ቅሬታችሁን በጽሑፍ ለዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ ክፍል አቅርቡ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ገቢ ቁጥር መጠቀስ አለበት። እግረ መንገዳችሁን የወረዳ ምክር ቤት ተመራጫችሁ ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ጉዳዩን አሳውቁ።

«በዕቅድ ተይዟል» ከተባላችሁ ደግሞ መረጃውን ጠይቁ። በ2000 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጥያቄው የሚቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፤ መልስ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። የሚከለከል ከሆነም ምክንያቱ ይነገራችኋል። የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጻፉ፦ «በዚህ ዓመት የወረዳው ዕቅድ ውስጥ የቦይ ጥገና የተያዘባቸው ቦታዎች ዝርዝር» በሉ። «ስለ በጀት መረጃ ስጡን» ካላችሁ ማንም አይመልስላችሁም።

ይህ ሁሉ አልፎ መፍትሔ ከሌለ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የተቋቋመው በ1992 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 211 ነው። የአስተዳደር በደልን ይመረምራል፤ የመረጃ ነፃነት አዋጁን አፈጻጸምም ይከታተላል። አቤቱታ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላል፣ ክፍያ የለውም። ፍርድ ቤት አይደለም፤ መርምሮ የመፍትሔ ሐሳብ ይሰጣል። ማኅተም ያረፈባቸው ኮፒዎቻችሁ ዋጋቸው እዚህ ይታያል።

እዚህ ደረጃ ላይ ልጆቹ «ቴሌግራም ላይ እንልቀቀው» ይላሉ። ስሜታቸው ይገባኛል። ሦስት ጥያቄ ጠይቋቸው። የምንለቀው ሁሉ በወረቀት ማረጋገጫ አለው? ሰው እንሰድባለን? መልስ ለመስጠት በቂ ጊዜ ሰጥተናል? የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አብራችሁ አንብቡ። እኛ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የቆጠራውን ውጤት ብቻ አነበብን። በቃ። ወላጆች በዚያው ሳምንት መጠየቅ ጀመሩ።

ደረጃ 9፦ እኛስ ምን እናዋጣለን?

እስካሁን ጠያቂዎች ነበርን። እድሩ ቅዳሜ ጠዋት በቦዩ ዙሪያ የተከማቸውን ቆሻሻ አጸዳ። አንድ ብየዳ ቤት ያለው ወላጅ ለጊዜው የሚሆን የብረት አጥር ሠራ። ልጆቹ ለ1ኛ እና ለ2ኛ ክፍል ተማሪዎች በየትኛው በኩል እንደሚታለፍ አሳዩ። ይሄ የመንግሥትን ሥራ መተካት አይደለም፤ ለወረዳው በጻፍነው ሁለተኛ ደብዳቤ ላይ በግልጽ «ጊዜያዊ ነው» ብለናል። ይህቺ ቃል ካልተጻፈች «ችግሩ ተፈቷል» ተብሎ ፋይሉ ሊዘጋ ይችላል።

የቦዩ ክዳን ግንቦት ላይ ተሠራ። ኮንክሪት ነው። ያን ቀን ፈተና ስለነበር ልጆቹ ሲገጠም አላዩትም፤ ከሰዓት ሲወጡ በላዩ ተራመዱበት።

ደረጃ 10፦ ፋይሉን አስረክቡ

ሰኔ ላይ ሁሉን በአንድ ቦክስ ፋይል ሰብስቡ። ደብዳቤዎቹን፣ ቃለ ጉባኤውን፣ የቆጠራ ወረቀቱን፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሳችሁ የሚያሳየውን ደብተር አስገቡ። ፊት ለፊት አንድ ገጽ ይኑር፦ ምን ተሳካ፣ ምን ቀረ፣ የቱ ቢሮ ምን ይሠራል፣ ምን ተሳስተን ነበር። ለመሥሪያ ቤቱም የምስጋና ደብዳቤ ጻፉ፤ እሱንም በመዝገብ ቤት አስገቡ።

ፋይሉን በመስከረም ለአዲሶቹ የ10ኛ ክፍል ልጆች የሚያስረክቡት የዓምናዎቹ ናቸው። ክፍል ፊት ቆመው ያስረዳሉ፣ ይጠየቃሉ፣ ርክክቡ ላይ ሁለቱም ወገን ይፈርማል። በኛ ፋይል «ምን ቀረ» ከሚለው ሥር ሁለት መስመር ተጽፎ ነበር። አንደኛው ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የመብራት ምሰሶ ማዘንበሉ ነው። ሁለተኛው በልጅቷ እጅ ጽሑፍ ነው፦ «የላይኛው ቦይ የማን እንደሆነ ገና አላወቅንም፤ እናንተ ጠይቁ።»